የሌዘር ጠበል

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚወቀስ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ ሌላ ፈልጋችሁ አትድከሙ። እትዬ አስካለች የሚባሉ የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት የቲቢ ክኒናቸውን አቋረጡ። ያስቋረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ያውም ክፉ አስቤ ሳይሆን ደግ ቃል ልናገር ብዬ። ጥፋቴ የገባኝ እሳቸው በማግስቱ ጠዋት ዳላስ ሊበሩ ሻንጣቸውን ካዘጋጁ በኋላ ስለነበር፣ ክኒኑን መልሼ ለማስጀመር የቀረኝ ጊዜ አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ያ ከሰዓት እንዴት እንዳለፈ ሳስበው እስከ ዛሬ አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ላብ ያጠምቀኛል።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ ስምንት፣ ወሩ ጁላይ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖራለን። ሥራዬ ዌስት ሴንት ፖል ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ደንቡ ላይ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ይላል፤ እውነተኛው ሥራዬ ግን ማጽናናት ነበር። የዘጠና ዓመት አዛውንት «እናቴ መቼ ነው የምትመጣው?» ብለው ሲጠይቁኝ «መንገድ ላይ ናት» እላለሁ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሾርባቸውን ይጠጣሉ። ለዚህ ችሎታዬ አለቆቼ ሁለት ጊዜ የምስጋና ወረቀት ሰጥተውኛል፤ ስለዚህ ውሸት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

የዚያን ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ ከቀኝ ጆሮዬ ሥር እብጠት ወጣ። ተመረመርኩ፤ የእጢ ቲቢ ነው ተባልኩ። ሳንባ ውስጥ ስላልገባ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ሐኪሙ ደጋግሞ ነግሮኛል። እኔ ግን ወገኔን አውቃለሁ። ቲቢ የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ ብርጭቆዬ ለብቻው እንደሚቀመጥ አልተጠራጠርኩም። ለአክስቴ ልጅ «ታይሮይድ ነው» አልኳት። ታይሮይድ የተከበረ በሽታ ነው፤ ማንም ብርጭቆ አይለይበትም። ከዚያ በኋላ በዚያ ሙቀት አንገቴን በሻርፕ ጠምጥሜ መዞር ጀመርኩ። ክኒኑ ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። ከመካከላቸው አንደኛው ሽንትንም ላብንም እንባንም ብርቱካናማ ያደርጋል። ፊልም አይቼ ካለቀስኩ በማግስቱ የትራስ ጨርቄን ከልብሶቼ ሥር ሸሽጌ ወደ ማጠቢያ ክፍል እወርዳለሁ።

ክኒኑን በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ሌክ ስትሪት ከሚባለው ጎዳና እልፍ ብሎ ያለ አንድ ክሊኒክ የእጢ ቲቢ ያለባቸውን ሰዎች ለጥናት እንደሚፈልግ ሰማሁ። ክኒኑ እንዳለ ሆኖ፣ በተጨማሪ እብጠቱ ላይ የሌዘር ብርሃን ቢበራበት ቶሎ ይጎድል እንደሆነ ሊያዩ ነው። ግማሹ ሰው እውነተኛውን ሌዘር ያገኛል፤ ግማሹ ሌዘር የሚመስል ባዶ መብራት ያገኛል። ማን የቱን እንዳገኘ በሽተኛውም ሐኪሙም እንዳያውቁ በዕጣ ይወሰናል። ሻርፑ ሰልችቶኝ ስለነበር ፈረምኩ።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ጋሽ በላይነህን ነው። ጋሽ በላይነህ የእቁባችን ዳኛ ናቸው። ተመልሼ ልወጣ ስል አዩኝ።

«ምሕረት፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«ለአንድ ሰው ኢንተርፕሪት ላደርግ መጥቼ ነው» አልኳቸው። «እርስዎስ?»

«እኔም እንደዚያው» አሉ፣ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ወደ ላይ እየሳቡ። «ለአንድ ወዳጄ ኢንተርፕሪት ላደርግ።»

ጋሽ በላይነህ መንጃ ፈቃድ ሊያሳድሱ ሲሄዱ እንኳ ልጃቸውን ለአስተርጓሚነት ይዘው እንደሚሄዱ የማያውቅ ሐበሻ በከተማው የለም። ቢሆንም ጨዋ ነኝና አመሰገንኳቸው። ወዲያው በሩ ተከፈተና ጀማል ገባ። ጀማል ከሐረርጌ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ገበያ ስንሄድ የምንገናኝ፣ ሳይቀልድ ሰላም የማይል ሰው። ያን ቀን ግን አንገቱን በፎጣ ሸፍኖ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«ሰው ድራይቭ አድርጌ አምጥቼ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ጥግ ላይ ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ቤተ ክርስቲያን በዐይን የማውቃቸው እትዬ አስካለች ነበሩ። እሳቸውም እንደ እኛው ምክንያታቸውን ተናገሩ፤ አንዲት ጎረቤታቸውን ሊያጽናኑ ነው የመጡት። ሁለት አስተርጓሚ፣ አንድ ሹፌርና አንድ አጽናኝ ሆነን ተቀመጥን። ክፍሉ ውስጥ በሽተኛ የሚባል አልነበረም።

ኬቲ የምትባለው ነርስ ወረቀት ይዛ ወጣችና የመጀመሪያውን ስም ጠራች፤ «በላይነህ።» ጋሽ በላይነህ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ከኋላቸው ግድግዳ ብቻ ነበር። ቀጥላ ጀማልን፣ ከዚያ አስካለችን፣ በመጨረሻም እኔን ጠራች። ማንም ቀና ብሎ ሌላውን አላየም። እንደ ተያዘ ሌባ ተከታትለን ገባን።

የጥናቱ ሐኪም ጸጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በስልክ በተገናኘ አስተርጓሚ አማካይነት ሁሉንም ነገር ዘረዘረችልን። ብርሃኑ በሳምንቱ የሥራ ቀናት፣ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ይሰጣል። አያሳምምም። ይጠቅም እንደሆነ ግን አላውቅም አለች። ክኒኑን ማንም እንዳያቋርጥ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተናገረች። አስተርጓሚውም አንድ ቃል ሳይጥል ተረጎመ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ ይህን አስቀድሜ እመሰክራለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ እትዬ አስካለች ክንዴን ያዙኝ። ቦርሳቸውን አንግተው ሊሄዱ ነው።

«ልጄ፣ እኔስ ይቅርብኝ። ይጠቅም እንደሆነ አላውቅም ያለች ሐኪም በምን ልቧ እሳት ታበራብኛለች?»

«እሳት አይደለም እኮ እትዬ።»

«ልጄ ዳላስ ወልዷል። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው። በሚመጣው ሳምንት ልሄድ ነው፤ ይህን አንገቴ ላይ ተሸክሜ እንዴት አድርጌ እስመዋለሁ? አይተላለፍም ይሉኛል፣ ልቤ ግን እሺ አይልም። ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

ዐይናቸው ውስጥ ያለው ፍርሃት በየቀኑ ሥራ ቦታ የማየው ፍርሃት ነው። አፌም የለመደውን ሠራ።

«እትዬ፣ አይስጉ። በቃ እንደ ጠበል ይቁጠሩት» አልኳቸው። «ሰባት ቀን ነው፣ ሱባኤ እንደ መያዝ ማለት ነው። ከዚያ ድነው ይሄዳሉ።»

ፊታቸው በራ። ትከሻዬን ሳሙኝ። እኔም አንድ ሰው አዳንኩ ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ የዕጣው ነገር መጣ። ኬቲ አራት የታሸጉ ፖስታዎች አመጣችና አንድ አንድ እንድናነሳ አደረገች። ውስጡ ባለ ቀለም ካርድ አለ። ሰማያዊ የደረሰው ወደ አንደኛው ክፍል፣ ቢጫ የደረሰው ወደ ሁለተኛው ክፍል ይገባል። ለጋሽ በላይነህና ለእኔ ሰማያዊ ወጣልን፤ ለጀማልና ለእትዬ አስካለች ቢጫ። ኬቲ መዝገቧን ልታመጣ ወጣች። በዚህ መሀል የሁለቱ ክፍሎች በር ክፍት ስለነበር ማሽኖቹ ሲሞቁ ይሰማ ነበር። የሰማያዊው ክፍል ማሽን ያጉረመርማል። የቢጫው ጭጭ ብሏል።

«የሚሠራው ይኼ የሚጮኸው ነው» አለ ጀማል በሹክሹክታ። «ሞተር ያለው ነገር ዝም አይልም።»

ሹፌር ተናገረ፣ ማን ይከራከራል። ጋሽ በላይነህ ካርዳቸውን አገላብጠው አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እቁብ ላይ እንደምናደርገው ነው» አሉ። «ዕጣ የወጣለት ለባሰበት ይለቃል። ወይዘሮ አስካለች ብሶባታል፣ መንገደኛም ናት።»

እኔ ወዲያው ሰማያዊ ካርዴን ለእትዬ ዘረጋሁ። እሳቸው «በእኔ ሞት» ብለው መለሱልኝ። መልሼ ቦርሳቸው ውስጥ ከተትኩት፤ አውጥተው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። ጋሽ በላይነህ ደግሞ የራሳቸውን ለጀማል ሲሰጡ እሱ «ወላሂ አልቀበልም» እያለ ወደ ኋላ ሲሸሽ ከወንበር ጋር ተጋጨ። ምግብ ቤት ሒሳብ ለመክፈል የሚታገሉ ሰዎች አይታችሁ ከሆነ እንደዚያ ነበርን። ኬቲ ስትመለስ አራታችንም ጸጉራችን ተበታትኖ፣ እያለከለክን፣ ጨዋ ሆነን ቆመን ነበር። እትዬ አስካለችና ጀማል ሰማያዊ፣ ጋሽ በላይነህና እኔ ቢጫ ካርድ ይዘናል። ካርድ እንደማይለቀቅ ማንም አልነገረን፤ የሚነገር ነገር ነው ብሎም ያሰበ የለም። ኬቲ መዘገበችን።

ሳምንቱ ደስ የሚል ሳምንት ነበር። መደበቅ ስላበቃ አንገታችንን ገላልጠን፣ እብጠታችንን እያነጻጸርን እንስቅ ጀመር። እትዬ አስካለች በየቀኑ ነጭ ለብሰው፣ እህል ሳይቀምሱ ይመጣሉ። ሌዘሩ ክፍል በር ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ኬቲ ግራ ገብቷት «እግሯን ያማታል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «አይ፣ አክብሮት ነው» አልኳት። እሷም መዝገቧ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። በሰባት ቀን ውስጥ አንድም ቀን ያልቀረን፣ አንዲት ደቂቃ ያልዘገየን እኛ ብቻ ነበርን፤ ሐኪሟ ለሌሎቹ በሽተኞች ምሳሌ አድርጋ ታወራልን እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ሰባተኛው ቀን ማክሰኞ ዋለ። እኔ ከጠዋት ሺፍት በቀጥታ ስመጣ እትዬ አስካለች የመጨረሻውን ጨርሰው ከክፍሉ ሲወጡ ደረስኩ። እያለቀሱ ነው። የደስታ ነው። «ተፈጸመ ልጄ» አሉኝና አቀፉኝ፤ በነጠላቸው ጫፍም ዐይናቸውን ጠረጉ። እኔም የነጠላውን ጫፍ አየሁ።

ነጠላው ነጭ ነው።

እርጥብ ነው፣ ግን ነጭ። እንደ እኔ ትራስ ብርቱካናማ አልሆነም። ያንን ክኒን የሚውጥ ሰው እንባ እንዲህ ሊሆን እንደማይችል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«እትዬ፣ ክኒንዎን እየወሰዱ ነው?»

ወንበር ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው እንድቀመጥ ምልክት ሰጡኝ። ቦርሳቸውን ከፍተው የተቋጠረ መሐረብ አወጡ። ፈቱት። ውስጡ ግማሽ የሟሙ፣ የደረቁ ቀይና ነጭ ክኒኖች ተከምረዋል።

«ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ አልዋጥኩም» አሉኝ፣ ጾማቸውን ለንስሐ አባት እንደሚናገር ሰው ተረጋግተው። «መዋጤን የምትከታተለው ነርስ በስልክ ቪዲዮ ስታየኝ አፌ ውስጥ አስገባና ከምላሴ ሥር አኖረዋለሁ። ጠበልና መድኃኒት አይቀላቀልም። እናቴም ስትጠበል እንዲሁ ነበር የምታደርገው።»

«ታዲያ ለምን ያስቀምጡታል?»

«መድኃኒት ይጣላል እንዴ? አገር ቤት ለቸገረው ይላካል።»

ጀማልና ጋሽ በላይነህ ከፊት ለፊታችን ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ጋሽ በላይነህ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ደግሞ መጦሪያው ስልጠና ላይ የተማርኩት ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። ክኒኑን የሚያቋርጥ ሰው በሽታው ተመልሶ ይነሳበታል፤ ክኒኑንም ሊለምደው ይችላል። ሳንባ ከገባ ደግሞ ይተላለፋል። እኝህ ሴት ነገ ጠዋት ድኛለሁ ብለው ጨቅላ ሊያቅፉ ይሄዳሉ።

«እትዬ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ» አለ ጀማል ቀስ ብሎ። «ዘምዘም ቤቴ አለ። በዘምዘም ነው ክኒኔን የምውጠው። ምንም አልሆንኩም።»

«የእናንተን አላውቅም ልጄ። የእኛ ሥርዓት አለው።»

ሥርዓት ከተባለ ባለቤቱ ይጠየቅ ብዬ የደብራችን ቄስ ጋ ደወልኩ። ድምፁን ከፍቼ ስልኩን መሐላችን አስቀመጥኩ። ቄሱ አላሳፈሩኝም። «ጠበሉም የእግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው። ሁለቱንም ውሰጂ አስካለች፤ ያቋረጥሽ እንደሆነ ከእኔ ጋር እንጣላለን» አሏቸው። እትዬ አስካለች ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ አባቴ» አሉ። ስልኩ ተዘጋ። እፎይ ልል ስል ወደ እኔ ዞሩ።

«አባ የተናገሩት ስለ ጠበል ነው። ስለ ሌዘር መች ተማሩ።»

እንግዲህ ምን ይባላል። ሌዘሩን ጠበል ያደረግኩት እኔ፣ አሁን ጠበል አይደለም ብዬ ልከራከር ስል ከጠበልም የባሰ ነገር ሆኖ አገኘሁት። የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። የሚጮኸው ማሽን ምን እንደሆነ ሐኪሟ ራሷ ትናገር። ለዚህ ደግሞ ካርድ መቀያየራችንን መናዘዝ ያስፈልጋል።

«ተይ ምሕረት» አሉ ጋሽ በላይነህ። «ስንት ዓመት ዳኛ ሆኜ ዕጣ አዛባ ተባልኩ ማለት ነው። ሌላ መላ እንፈልግ።»

«ሌላ መላ ካለዎት አሁን ይንገሩኝ ጋሼ።»

ተነሣሁና የሐኪሟን በር አንኳኳሁ።

ሁሉንም ነገርኳት። ጠበሉን፣ መሐረቡን፣ ካርዶቹን። ካርዶቹ ላይ ስደርስ እጇን አነሣችና አስቆመችኝ።

«አራታችሁም ቀየራችሁ?»

«ሁለታችን ሰጠን፣ ሁለቱ ተቀበሉ።»

«ለምን?»

«እሳቸው ስለባሰባቸው።»

«የዕጣው ዓላማ እኮ ማን እንደባሰበት እንዳይታይ ነው» አለች። «ማን ነው የባሰበት ብለን ከመረጥን ብርሃኑ ይሥራ አይሥራ ለዘላለም አናውቅም።»

«እኛ ዘንድ ዕጣ የሚወጣው ማን ለማን እንደሚለቅ ለማወቅ ነው» አልኳት። ይህን ስል አዲስ ነገር የተናገርኩ አልመሰለኝም ነበር። እሷ ግን ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትንሽ ቆየች። ቀና ስትል እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ከዚያ የጥናቱን ምስጢር የያዙትን ሰዎች ደውላ አስፈቀደች፤ የበሽተኛ ደኅንነት ስለሆነ ፈቀዱላት። አንድ ወረቀት በማሽኑ ታትሞ ወጣ። አነበበችው፤ ከዚያም ተከትላኝ ወጣች።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሦስቱም እንደ ፍርድ ቤት ሰው ተነሥተው ቆሙ። እኔ ተረጎምኩ።

«የሰማያዊው ክፍል ማሽን ባዶው ነው። የሚጮኸው ማራገቢያው አርጅቶ ነው። ሌዘሩ ያለው የቢጫው ውስጥ ነው።»

ጀማል መጀመሪያ ሳቀ። ጋሽ በላይነህ ወደ እኔ አዩ፣ እኔም ወደ እሳቸው። የለቀቅነው ሁለታችን ሌዘሩን አግኝተናል። የለቀቅንላቸው ሰባት ቀን ሙሉ ያረጀ ማራገቢያ ሲያዳምጡ ከርመዋል።

«ታዲያ እብጠቱ ለምን ጎደለልኝ?» አሉ እትዬ አስካለች አንገታቸውን እየዳበሱ።

ሐኪሟ መለሰች፤ «ሰባቱ ቀን ሳይጀመር ሁለት ወር በዋጡት ክኒን ነው።»

«የቢጫውስ? እነ ምሕረት የገቡበት፣ እሱስ ያድናል?»

«አላውቅም» አለች ሐኪሟ። «ባውቅ ኖሮ አላጠናውም ነበር።»

እንዲህ ስትል ምንም አላፈረችም። የተማረች፣ የሸበተች ሴት፣ በሽተኞቿ ፊት ቆማ አላውቅም አለች፤ እናም ማንም አልናቃትም። እኔ ግን ስምንት ቀን ሙሉ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ተናግሬ ስመሰገን ከርሜያለሁ። ያን ጊዜ አልቻልኩም። እሳቸው እግር ሥር በርከክ አልኩ።

«እትዬ፣ ሐኪሟ ጠበል ነው አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት። ፈርተው ሊሄዱ ሲሉ ላጽናናዎት ብዬ ከራሴ ፈጥሬ ነው የተናገርኩት። ድነው ይሄዳሉ ያልኩትም ውሸት ነው። ማወቂያም አልነበረኝም።»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝና ሌላ ነገር ጠየቁ።

«አንቺስ በነዚህ ቀናት ክኒንሽን ትውጪ ነበር?»

«እውጥ ነበር።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። አንድም ቀን አላጎደልኩም።»

«ለእኔ ጠበል ብለሽ፣ ለራስሽ ክኒን ትውጫለሽ።»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ አልሰደቡኝም። ያለውን ብቻ ነው የተናገሩት። እድሜዬን ሙሉ ሰው አጽናንቻለሁ፤ ለሰዎቹ የምሰጣቸው ነገር እኔ ራሴ የማልቀምሰው መሆኑን ግን ያን ዕለት ነው ያየሁት። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«የዛሬውን ውጠሻል?» አሉኝ።

«አልዋጥኩም። ከሥራ ነው በቀጥታ የመጣሁት።»

«እንግዲያው አውጪው። አባ ተናገሩ፣ ሐኪሟ ተናገረች፣ ጀማልም ተናገረ። እኔ ከእንግዲህ ሰው የሚያምነውን ሲናገር ሳይሆን ሲውጥ ነው የማየው። ቅደሚ።»

ኬቲ ውኃ አመጣች። ክኒኖቼን አንድ በአንድ ዋጥኩ። እትዬ አስካለች አጎንብሰው እያዩኝ ነበር።

«አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ።

«ምላስሽን አንሺ።»

የመደበቂያውን ቦታ የሚያውቅ ሰው ነው የሚመረምረኝ፤ አነሣሁ። ግራና ቀኝ አዩ። ጋሽ በላይነህ ማንም ሳይጠይቃቸው የራሳቸውን ሳጥን ከኪሳቸው አውጥተው ዋጡና አፋቸውን ከፍተው ተራ ያዙ። ጀማልም ጠዋት ውጦ የመጣ ቢሆንም ለምስክርነት ብቻ አፉን ከፈተ። ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ሦስት ሐበሾች ለአንዲት አሮጊት አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን ሲያነሡ አየች። ኬቲ ለእትዬ አዲስ ክኒን አመጣች፤ እሳቸውም ቀለሙን ከእኔ ጋር አስተያይተው፣ አማትበው፣ ዋጡ። ምላሳቸውን ሳንጠይቃቸው አነሡ።

ከጥናቱ አራታችንንም አስወጡን፤ መውጣትም ነበረብን። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ በዚያው ቀን ግን አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ እንድጽፍላት ጠየቀችኝና ፖስታዎቹ ላይ ለጠፈችው። «የደረሰዎትን ካርድ ለማንም መልቀቅ አይቻልም፤ ለባሰበትም ቢሆን» ይላል። ጥናቱ ምን ላይ እንደደረሰ፣ ሌዘሩ ይሥራ አይሥራ፣ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የእኔ እብጠት ጠፍቷል፤ የጀማልም ጠፍቷል። ከዚህ በላይ የምነግራችሁ የለኝም።

የዚያን ዕለት ማታ ለአክስቴ ልጅ ታይሮይድ አይደለም፣ ቲቢ ነው አልኳት። ብርጭቆዬን ለሁለት ቀን ለየችው። በሦስተኛው ቀን ረሳችውና በእኔ ጠጣች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ መድኃኒቱን አግኝቼም ስደብቅ ነበር። ሥራ ቦታም አመሌን ለወጥኩ። ማጽናናት አልተውኩም፤ ነገር ግን አንድ ሰው የማላውቀውን ሲጠይቀኝ እጁን እይዝና አላውቅም እላለሁ። እመኑኝ፣ ሰው ይህን ሰምቶ አይሞትም። አንባቢዎቼ፣ እናንተም የምትወዱት ሰው ፈርቶ ሲጠይቃችሁ አፋችሁ ጣፋጩን ለመናገር ሲቸኩል፣ «እኔ ራሴ ይህን እውጠዋለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

እትዬ አስካለች የአንድ ወር ክኒን ተሰጥቷቸው፣ ዳላስ ላለ ክሊኒክ ተነግሮላቸው በማግስቱ በረሩ። ሲደርሱ ደወሉልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኬ በቪዲዮ ይጠራል። የልጅ ልጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ሰላምታ የለም። «ቅደሚ» ይሉኛል፤ እኔ እውጣለሁ፣ ምላሴን አነሣለሁ፣ ከዚያ እሳቸው ይውጣሉ። ክረምት ከበጋ አንድም ቀን አላመኑኝም፤ እኔም አልከፋኝም።

እሳቸው ያቋረጡት ስለተጨመረባቸው የእኔ ክኒን ከእሳቸው ቀድሞ አለቀ። በማግስቱ ስልኩ ሲጠራ ባዶ እጄን ነበርኩ። ቁም ሣጥን ውስጥ ቀይ ቪታሚን ነበረኝ፤ በስልክ ማንም አይለየውም። እንዳያቋርጡብኝ ፈርቼ እጄ ወደዚያ ሄዶ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ እጄን መለስኩ።

«ቅደሚ» አሉኝ።

«እትዬ፣ የእኔ ትናንት አለቀ። ዛሬ የምውጠው የለኝም።»

እትዬ አስካለች ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ሕፃኑ ተንቀሳቀሰ፤ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

«እሺ» አሉ። «አምኜሻለሁ።»

ክኒናቸውንም አንሥተው ዋጡ።